የዳነ ሰው በምን ስም ይመዘገባል?
የበሽታ መለያ ቍጥሮችና የክትትል ሕክምና ታሪክ

በአማርኛ አንድ ሰው ከሕመም ወደ ጤና የሚያደርገውን ጕዞ የሚገልጹ አያሌ ቃላት አሉ። ታመመ፣ ጠናበት፣ ተሻለው፣ አገገመ፣ ዳነ፣ አገረሸበት ይባላል። ጠያቂ ዘመድ «እንዴት ዋለ?» ሲል «ተሽሎታል» ብሎ መመለስና «ድኗል» ብሎ መመለስ አንድ አለመሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የሕክምና መዝገብ ግን ይህንኑ ልዩነት በቍጥር ለማስፈር ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶበታል። ዛሬም ቢሆን በየአገሩ የመዝገብ ሠራተኞችን እጅግ ከሚያሳስቱት ጕዳዮች አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሠራተኛ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ እንበል። በመጀመሪያው ቀን አጥንቱ ተስተካክሎ በጄሶ ታሰረ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በራጅ ታየ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጄሶው ተፈታ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ሄዷል፤ የተሰበረው ግን አንድ ጊዜ ነው። በሦስቱም ቀን «የክንድ ስብራት» ተብሎ ያለ ልዩነት ቢመዘገብ የዓመቱ ሪፖርት ሦስት ስብራት ያሳያል። በኋለኞቹ ሁለት ቀናት ምንም ባይመዘገብ ደግሞ ሆስፒታሉ የፈጸመው ሥራ፣ የወጣው ጄሶና የራጅ ፊልም ባለቤት ያጣል። እንግዲህ ተመልሶ የመጣው ሰው በምን ስም ይጠራ?

ይህ ጥያቄ ለሐኪሞችና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ብቻ የተተወ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የመንገድ መሐንዲስ አደገኛ መታጠፊያን የሚለየው፣ የውሃ መሐንዲስ የተበከለ መስመርን የሚጠረጥረው፣ የሆስፒታል ሕንፃ ነዳፊ የአልጋና የተመላላሽ ክፍል ብዛት የሚወስነው ከእነዚሁ መዝገቦች በሚወጣ ቍጥር ነው። መለኪያው ከተዛባ ንድፉም ይዛባል። ስለዚህ የበሽታ መለያ ቍጥር ታሪክ የመለኪያ ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሞት መዝገብና የስም ችግር

የበሽታ ቈጠራ የጀመረው ከሕያዋን ሳይሆን ከሙታን ነው። በለንደን ከተማ ወረርሽኝ መግባቱን ቀድሞ ለማወቅ ሲባል የሟቾች ዝርዝር በየሳምንቱ ታትሞ ይወጣ ነበር። የሞቱን ምክንያት የሚናገሩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ አሮጊቶች ሬሳውን አይተው ለአጥቢያው ያሳውቁ ነበር። ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን ነጋዴ ይህን የዓመታት ክምችት ሰብስቦ በመመርመር በ1662 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የሕፃናት ዕድሜ በውል ሳይመዘገብ፣ የሕፃናት ናቸው ብሎ ከገመታቸው የሞት ምክንያቶች ብቻ ተነሥቶ፣ በሕይወት ከሚወለዱት ሕፃናት መካከል 36 በመቶ የሚሆኑት ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሰላ።

ግራውንት ያስተዋለው ሌላም ቁም ነገር አለ። በቂጥኝ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ቍጥራቸው እጅግ ማነሱ አጠራጠረው። ነውር የሚያመጣው በሽታ በሌላ፣ ነውር በሌለው ስም ተሸፍኖ እንደሚመዘገብ ተረዳ። የተሳሳተ ስም መዝገቡን ከማበላሸቱም በላይ በሽታውን ራሱን ከዐይን እንደሚሰውር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል።

በ1837 የእንግሊዝና የዌልስ አጠቃላይ መዝገብ ቤት ሲቋቋም ዊልያም ፋር የተባለ ሐኪም የስታቲስቲክሱን ሥራ ያዘ። ፋር አንድ በሽታ በሦስትና በአራት ስም ሲጠራ፣ ልዩ ልዩ በሽታዎችም በአንድ ስም ሲጠቀለሉ አየ። በመጀመሪያው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ያሰፈረው ሐሳብ ለመሐንዲስ ጆሮ የተለየ ትርጕም አለው፤ የበሽታ ስም አጠራር ለዚህ የጥናት መስክ የሚሰጠው ጥቅም ሚዛንና መስፈሪያ ለተፈጥሮ ሳይንስ ከሚሰጡት ጥቅም እንደማያንስ፣ ሳይዘገይም መወሰን እንዳለበት አሳሰበ። በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የበሽታን ስም ያወጣው ግን ጉባኤ ነው፤ ጉባኤውም ለመስማማት ብዙ ደክሟል።

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ በ1853 በብራስልስ ሲሰበሰብ፣ ፋርና የጄኔቫው ማርክ ዴስፒን በየአገሩ የሚሠራበት አንድ ወጥ የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እንዲያዘጋጁ አደራ ተጣለባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ በተደረገው ስብሰባ ሁለቱ ሰዎች በሁለት ፈጽሞ በማይመሳሰሉ መሠረቶች ላይ የቆሙ ሁለት ዝርዝሮች ይዘው ቀረቡ። ዴስፒን በሽታዎችን በጠባያቸው ሲመድብ፣ ፋር በአምስት ክፍሎች አሰለፋቸው፤ እነርሱም ወረርሽኞች፣ መላ አካልን የሚይዙ በሽታዎች፣ በአካል ክፍል የሚለዩ በሽታዎች፣ ከዕድገት ጋር የተያያዙ በሽታዎች፣ እንዲሁም በጕዳትና በኀይል የሚደርሱ አደጋዎች ናቸው። ጉባኤው ሁለቱን አስታርቆ 139 ርእሶች ያሉት ዝርዝር አጸደቀ። የታረቀው ዝርዝር ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም፤ ሆኖም የፋር አከፋፈል መሠረት ሆኖ እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

ተመልሶ የሚመጣው ሕመምተኛ

እስከዚህ ድረስ የተቈጠረው ሟች ብቻ ነው። ሟች ለቈጠራ ይመቻል፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞታልና በመዝገብ የሚሰፍረውም አንድ ጊዜ ነው። ሕያው ሰው ግን ይመላለሳል። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት በሽታ ሊታመም፣ ለአንዱ በሽታ አሥር ጊዜ ሊመጣ፣ ከዳነም በኋላ ለምርመራ ሊቀርብ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቈጠረው ሰው ነው ወይስ በሽታ? ወይስ ቀጠሮ? የመለኪያው አሐድ ሳይወሰን የሚደረግ ቈጠራ ሜትርና ክንድን ቀላቅሎ እንደ መደመር ያለ ነው።

ይህን ችግር በጊዜው አጥብቀው ከተገነዘቡት አንዷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በ1860 በለንደን በተደረገው አራተኛው የስታቲስቲክስ ጉባኤ ላይ የፋር ምደባ ለሆስፒታል ሕሙማንም እንዲሠራበት የሚጠይቅ ሐሳብ አቀረበች። ያዘጋጀችው ቅጽ በእያንዳንዱ በሽታ አንጻር ዓመቱ ሲጀምር በአልጋ ላይ የነበሩትን፣ በዓመቱ የገቡትን፣ ድነው ወይም ተሽሏቸው የወጡትን፣ ሳይድኑ የተሰናበቱትን፣ የሞቱትንና ዓመቱ ሲያልቅ የቀሩትን በየዓምዱ የሚለይ ነበር። ጥቂት የለንደን ሆስፒታሎች ቅጹን ሞከሩት፤ ግን አልዘለቀም። ናይቲንጌል ያነሣችው ጥያቄ ግን ግልጽ ነበር፤ ስንት ሰው ገባ ማለት አይበቃም፣ ከገባ በኋላ ምን ሆነ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄውን ከሆስፒታሉ በር ውጭ ድረስ ተከትሎ የሄደው የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኤርነስት ኮድማን ነው። እርሱ «የመጨረሻ ውጤት» ብሎ የሰየመው አሠራር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ካርድ ይወጣለታል፤ በካርዱም ላይ የመጣበት ሕመም፣ የተሰጠው ሕክምና፣ ከዚያም ጊዜ ቈይቶ ሲታይ የደረሰበት ሁኔታ ይሰፍራል። ሕክምናው ካልተሳካ ምክንያቱ ይመረመራል። ኮድማን በ1911 በከፈተው ትንሽ የግል ሆስፒታል ይህንኑ በራሱ ላይ ፈጸመ፤ እስከ 1916 ድረስ ካከማቸው የ337 ሕሙማን መዝገብ 123 ስሕተቶች መገኘታቸውን ሳይደብቅ አሳተመ። በጊዜው ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። ይሁን እንጂ ሕክምና አለቀ ከተባለ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ራሱን የቻለ ተግባር መሆኑን፣ ለሕክምናው ጥራትም ዋናው ማስረጃ እርሱ መሆኑን ያሳየ ሰው ነበር። ተግባሩ ራሱን የቻለ ከሆነ ደግሞ በመዝገብ ላይ የራሱ ስም ያስፈልገዋል።

ከቤርቲዮን እስከ ዓለም የጤና ድርጅት

በፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክስ ሹም የነበረው ዣክ ቤርቲዮን በ1893 በቺካጎ ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም አዲስ ዝርዝር አቀረበ። ዝርዝሩ በሦስት መጠን የተዘጋጀ ነበር፤ አጭሩ 44፣ መካከለኛው 99፣ ረጅሙ 161 ርእሶች ነበሩት። አቅም ያለው አገር ረጅሙን፣ አቅም የሌለው አጭሩን ቢጠቀም እንኳ ውጤቶቹ እንዲነጻጸሩ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ብልኅነቱ የሚደነቅ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር በ1898 በኦታዋ ተሰብስቦ ዝርዝሩ በካናዳ፣ በሜክሲኮና በአሜሪካ እንዲሠራበት፣ በየአሥር ዓመቱም እንዲከለስ ሐሳብ አቀረበ። የፈረንሳይ መንግሥት በነሐሴ 1900 በጠራው ጉባኤ ላይ የ26 አገሮች መልእክተኞች ተገኝተው 179 ክፍሎች ያሉትን የመጀመሪያውን ክለሳ አጸደቁ። ከዚያ በኋላ በ1909፣ በ1920፣ በ1929 እና በ1938 ክለሳዎች ተከታተሉ። ሁሉም ግን በዋናነት የሞት ምክንያት ዝርዝሮች ነበሩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1946 በኒው ዮርክ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የክለሳውን ሥራ ገና ለሚቋቋመው የዓለም የጤና ድርጅት አስረከበ። በሚያዝያ 1948 በፓሪስ የጸደቀው ስድስተኛው ክለሳ ከሞት ባሻገር ሕመምንና ጕዳትን አንድ ላይ የሚያቅፍ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ምደባ ሆነ። ኢትዮጵያ በ1947 የድርጅቱ አባል በመሆኗ ከዚህ የጋራ ቋንቋ ባለቤቶች አንዷ ናት።

ሕመም በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ፣ ሳይታመም የሚመጣውም ሰው አብሮ ገባ። ለክትባት የመጣው፣ ለሥራ ቅጥር የሚመረመረው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉን የሚያስጠርገው ሁሉ በየትኛውም የበሽታ ምዕራፍ አይገኝም። ስለዚህ በ«ዋይ» ፊደል የሚጀምር ተጨማሪ ምደባ ከዋናው ዝርዝር ጐን ተለጠፈ። «ተጨማሪ» የሚለው ቃል አመለካከቱን ያሳያል፤ ዋናው ቤት የበሽታ ሆኖ፣ ተመልሶ የመጣው ሰው ከደጅ በተሠራ ዳስ ተቀመጠ።

ከዳስ ወደ ዋናው ቤት

ዘጠነኛው ክለሳ በ1975 በጄኔቫ ሲዘጋጅ ይህ ዳስ ሰፋ። በ«ቪ» ፊደል የሚጀምሩ መለያ ቍጥሮች ተሰናድተው፣ ድኅረ ሕክምና እንክብካቤ ለብቻ፣ የክትትል ምርመራ ለብቻ፣ ያለፈ የሕመም ታሪክም ለብቻ ቦታ አገኙ። አሜሪካ ይህንኑ ክለሳ ለሆስፒታል አገልግሎት እንዲስማማ አስፋፍታ ከ1979 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው።

ከዚህ በኋላ መለያ ቍጥሩ የስታቲስቲክስ መሣሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ፈተርና ጆን ቶምፕሰን የተባሉ ምሁራን ፋብሪካዎች የምርታቸውን ዋጋና ጥራት የሚቈጣጠሩበትን ዘዴ ለሆስፒታል ለማዋል ሲያጠኑ፣ ሕሙማንን በሚጠይቁት ወጪ ተመሳሳይነት የሚያቧድን አሠራር ቀየሱ። የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለ የጤና መድኅን በ1983 ይህን አሠራር ሲቀበል፣ ለሆስፒታል የሚከፈለው ገንዘብ ሕመምተኛው በሚመደብበት ቡድን የሚወሰን ሆነ፤ ቡድኑን የሚወስነው ደግሞ በዋናነት መለያ ቍጥሩ ነው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ብዕር የገንዘብ ቤት ቍልፍ ሆነ ማለት ነው። ቍጥር መምረጥ በትምህርትና በፈተና የሚገባበት ሙያ ሆኖ የደረጀውም ይህ ኀላፊነት ስለከበደ ነው።

በ1990 የዓለም የጤና ጉባኤ ያጸደቀውና አባል አገሮች ከ1994 ጀምሮ የተጠቀሙበት ዐሥረኛው ክለሳ ዳሱን አፍርሶ እንግዳውን ወደ ዋናው ቤት አስገባ። ለጤና ሁኔታና ከጤና አገልግሎት ጋር ለመገናኘት ምክንያት የሚሆኑ ነገሮች ከምዕራፎቹ መካከል 21ኛው ሆኑ፤ ፊደላቸውም «ዜድ» ሆነ። የአደገኛ ዕጢ ሕክምና ካለቀ በኋላ የሚደረግ ክትትል ዜድ 08፣ የሌሎች በሽታዎች ሕክምና ካለቀ በኋላ የሚደረግ ክትትል ዜድ 09 ተባለ። የአጥንትና የመገጣጠሚያ ድኅረ ሕክምና ዜድ 47፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ሌላ እንክብካቤ ዜድ 48 ሥር ገባ። አሜሪካ ለሕሙማን መዝገብ ያዘጋጀችውን የዐሥረኛውን ክለሳ ሰፊ ቅጂ የጀመረችው ዘግይታ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2015 ነው። የቀድሞው ቅጂ ወደ 14,000 የሚጠጉ መለያ ቍጥሮች ሲኖሩት፣ አዲሱ ወደ 70,000 ደረሰ።

የምርጫው ሥርዓት

የመለያ ቍጥሮች መብዛት ሥራውን አስቸጋሪ ቢያስመስለውም፣ የምርጫው ሥርዓት ግን በመግቢያው ላይ በተጠቀሱት የአማርኛ ቃላት ሊገለጽ የሚችል ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው በተለይ በአሜሪካው ቅጂ መመሪያ የተደነገገው ነው።

ሰውየው ገና ታሞ በሽታው ራሱ እየታከመ ከሆነ፣ የሚጻፈው የበሽታው መለያ ቍጥር ነው። ለስንተኛ ጊዜ መምጣቱ ይህን አይለውጠውም። የስኳር በሽተኛ ለሃያኛ ጊዜ ቢመጣም በሽታው አብሮት ስላለ የስኳር በሽታ ይጻፍለታል። «ክትትል ላይ ነኝ» የሚለው የሕመምተኛው አነጋገር ጸሐፊውን ሊያሳስተው አይገባም፤ በዕለት ተዕለት አነጋገር ክትትል ማለት መመላለስ ነው፣ በምደባው ቋንቋ ግን ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ጥበቃ ማለት ነው።

ዋናው ሕክምና ተፈጽሞ ሰውየው እያገገመ ከሆነ የድኅረ ሕክምና መለያ ቍጥር ይመረጣል። ስፌት ለማስፈታት፣ ቁስል ለማስጠረግና ለማስለወጥ፣ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ከገባ በኋላ ሁኔታውን ለማሳየት የሚመጣ ሰው በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያለው መሆኑም በሌላ መለያ ቍጥር ይታከላል።

ሰውየው ድኖ በሽታው ከሌለ፣ ሕክምናውም ካለቀ፣ የክትትል መለያ ቍጥር ይጻፋል፤ ያለፈውንም በሽታ የሚያስታውስ የታሪክ መለያ ቍጥር ይከተለዋል። የጡት ካንሰሯ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመታት ያለፋት ሴት ለዓመታዊ ምርመራ ስትመጣ ዜድ 08 ይጻፍላታል፤ ከርሱም ጋር ስለ ጡት ካንሰር ታሪክ የሚናገረው ዜድ 85.3 ይታከላል። በምርመራው በሽታው አገርሽቶ ከተገኘ ግን ክትትል የሚለው ስም ይነሣና የበሽታው መለያ ቍጥር በቦታው ይተካል።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የካንሰር ሕክምና ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ቢወጣም በዚያው ሥፍራ ላይ የሚያተኵር ሕክምና ገና ካላለቀ፣ በሽታው እንዳለ ይቈጠራል። ሰውየው የመጣው ለኬሞቴራፒ ወይም ለጨረር ሕክምና ብቻ ከሆነ ደግሞ የዚያ ሕክምና የዜድ መለያ ቍጥር ይቀድማል፤ የካንሰሩም መለያ ቍጥር ይከተላል። ሁለተኛው ጕዳት ነው። ለስብራትና ለመሳሰለው አደጋ የድኅረ ሕክምና «ዜድ» አይጻፍም፤ የጕዳቱ መለያ ቍጥር ራሱ ይደገምና በሰባተኛው ቦታ የሚገባው ፊደል ደረጃውን ይናገራል። ለዝግ ስብራት «ኤ» ዋናው ሕክምና በመካሄድ ላይ መሆኑን፣ «ዲ» አጥንቱ በደንብ እየጠገገ መሆኑን፣ «ጂ» መጠገጉ መዘግየቱን፣ «ኬ» አለመግጠሙን፣ «ፒ» ተጣሞ መግጠሙን፣ «ኤስ» ከጊዜ በኋላ የቀረ ጠንቅ መኖሩን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነጥብ አለ። «ኤ» ማለት የመጀመሪያው ቀን ማለት አይደለም፤ ዋናው ሕክምና እየተሰጠ እስካለ ድረስ በሦስተኛውም ቀን፣ በሌላ ሐኪምም እጅ «ኤ» ነው።

በመጀመሪያ የተነሣው የክንድ ስብራት እንግዲህ መልስ አገኘ። ሠራተኛው በሦስቱም ቀን ያው ስብራት ይጻፍለታል፤ ፊደሉ ግን በመጀመሪያው ቀን «ኤ»፣ በኋለኞቹ ሁለት ቀናት «ዲ» ይሆናል። ስብራት ስንት እንደደረሰ ለማወቅ የሚፈልግ አጥኚ «ዲ»ዎቹን ለይቶ ያወጣል፤ ስንት ጄሶ እንደተፈታ የሚጠይቀው ደግሞ እነርሱን ይፈልጋል። አንዱ መዝገብ ለሁለቱም ሳይዋሽ ያገለግላል።

የስሕተት ዋጋ

ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። የዳነው እንደታመመ ሲመዘገብ በአገሩ ያለ የበሽታ መጠን ያለአግባብ ይገዝፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ይጐዳል፤ ከካንሰር የዳነች ሴት በመዝገቧ ላይ ዘወትር «ካንሰር» ከተጻፈ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ገና በሕክምና ላይ ያለች አድርጎ ሊመለከታት፣ የመድኅን ድርጅትም የአደጋ ግምቷን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በተቃራኒው ሕክምና ላይ ያለው እንደዳነ ሲመዘገብ መድኀኒቱ፣ አልጋውና ባለሙያው የሚታቀድለት ሰው ከሠንጠረዡ ይጠፋል። የመጀመሪያው ስሕተት የሌለውን በሽታ ይፈጥራል፤ ሁለተኛው ያለውን ይደብቃል።

የመንገድ አደጋን ነገር ብንወስድ፣ ክትትል የሚመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ጕዳተኛ ቢቈጠር፣ ጕዳተኞቻቸው ብዙ ቀጠሮ ወደሚሰጥ ሆስፒታል የሚመጡባቸው መንገዶች ከሌሎቹ ይልቅ አደገኛ መስለው ይታያሉ። እግረኛ በእውነት የሚሞትበት መታጠፊያ ግን ሟች ቀጠሮ ስለሌለው በዝቅተኛ ቍጥር ሊታለፍ ይችላል። አጥርና መሻገሪያ የሚሠራበት ገንዘብ በዚህ ቍጥር ተመርቶ ቢፈስስ ወደማይገባው ሥፍራ ይሄዳል። ስሕተቱ በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ሲጀምር የወረቀት ስሕተት ነው፤ መንገድ ላይ ሲደርስ የሕይወት ስሕተት ይሆናል።

የልዩነቱን ጥቅም በመላው ዓለም ፊት ያሳየው የኮቪድ ወረርሽኝ ነው። በ2020 መጀመሪያ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዲሱ በሽታ ለድንገተኛ ጊዜ ተጠብቆ ከነበረው «ዩ» ፊደል ሥር መለያ ቍጥር ሰጠው፤ በምርመራ የተረጋገጠው ዩ 07.1 ተባለ። ወራት ሲቈጠሩ ግን ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ከበሽታው ተላቀው ለምርመራ የሚመለሱ፣ ቫይረሱ ከጠፋም በኋላ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ያልለቀቃቸው ሰዎች በየሆስፒታሉ በዙ። ስለዚህ በዚያው ዓመት በኮቪድ ታሞ የነበረ መሆኑን የሚገልጸው ዩ 08 እና ድኅረ ኮቪድ ሕመምን የሚገልጸው ዩ 09 ተጨመሩ። ታሟል፣ ታሞ ነበር፣ ጠንቁ አለቀቀውም የሚሉት ሦስት ሁኔታዎች በአንድ ቍጥር ቢታጨቁ ኖሮ፣ ወረርሽኙ እየከፋ ነው ወይስ እየበረደ የሚለውን ጥያቄ በሆስፒታል መዝገብ ለመመለስ እጅግ ባስቸገረ ነበር።

ያልተፈጸመው ሥራ

ዐሥራ አንደኛው ክለሳ በግንቦት 2019 በዓለም የጤና ጉባኤ ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል። ክለሳው ሲጸድቅ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ከ2017 ጀምሮ በዚህ ኀላፊነት ያሉት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ድርጅቱ በ2018 የመጀመሪያውን ቅጂ ይፋ ሲያደርግ ወደ 55,000 የሚደርሱ መለያ ቍጥሮች እንዳሉት ገልጿል። ክለሳው ከመነሻው ለኮምፒዩተር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ መለያ ቍጥሮችን እንደ ሰንሰለት አያይዞ አንድን ሁኔታ ለመግለጽ ያስችላል። ለጤና ሁኔታና ለአገልግሎት ግንኙነት የተመደበው ምዕራፍም በ24ኛነት ቦታውን ይዟል።

ኮምፒዩተር ሰንሰለቱን በቅጽበት ያያይዝ ይሆናል፤ ሰውየው ድኗል ወይስ ተሽሎታል የሚለውን ግን ሐኪሙ ካልጻፈው ከየትም አያመጣውም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በር ላይ «ቀጠሮ አለኝ» ብሎ የሚቆመው ሰው በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ «ለቀጠሮ የመጣ» ብሎ ካለፈ፣ ከርሱ በኋላ ያለው ጸሐፊ ይገምታል፤ ግምቱ ሪፖርት ይሆናል፤ ሪፖርቱም ዕቅድ ይሆናል። «በሽታው አለ፣ እየታከመ ነው»፣ «ሕክምናው አልቆ እያገገመ ነው»፣ ወይም «ድኗል፣ ለጥበቃ መጣ» ብሎ አንዲት መስመር መጨመር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ዊልያም ፋር ስምን ከሚዛንና ከመስፈሪያ ጋር ያነጻጸረው ሆስፒታል ገብቶ ለዳነ ሰው በመዝገብ ላይ ስም ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ስሙ ተገኝቷል፤ ሥርዓቱም ተጽፏል። የቀረው መስፈሪያውን በእጁ የያዘ ሁሉ ሳያጐድልና ሳያተርፍ መስፈሩ ነው።